ክፍል አትግቢ የተባለች አልጋ አንጣፊ

አሰፋች መተማ ዮሐንስ ውስጥ ባለ አንድ ሆቴል አሥራ አንድ ዓመት አልጋ አንጥፋለች። ሆቴሉ ከኬላው ብዙ የማይርቅ፣ ባለ አንድ ፎቅ፣ አሥራ ስምንት ክፍል ያለው ነው፤ ባለቤቱ አቶ ደረበ ይባላሉ። እሷ የመተማ ልጅ አይደለችም። ከጎጃም፣ ከፍኖተ ሰላም ወዲያ ካለ ገጠር ነው የመጣችው። ባሏ ለሰሊጥ አጨዳ ቆላ ሲወርድ አብራው ወረደች። እሱ በሁለተኛው ዓመት ወደ ሱዳን ተሻገረ፤ መጀመሪያ ስልክ ይደውል ነበር፣ ኋላ ሰላምታ በሰው ይልክ ነበር፣ ከዚያ ድምፁ ጠፋ። እሷም ዛሬ ነገ አገሬ እገባለሁ ስትል እዚያው ሆቴል ገብታ ቀረች።

ከእኔ ጋር የምንኖረው አንድ ግቢ ውስጥ ነው። ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ ነግራኛለች፤ በነገረችኝ ቁጥር መሃል ላይ ትቆምና "እንግዲህ እዚህ ላይ ነው የማይገባኝ" ትላለች። የምትቆምበት ቦታ ግን ሁልጊዜ አንድ አይደለም።

አልጋ ማንጠፍ ቀላል ሥራ ይመስላል። አሰፋች ግን ክፍል ስትገባ ሰው ታነባለች። ትራሱ ያልተጎደጎደ ከሆነ እንግዳው ሲያስብ አድሯል። ያመጣው ምግብ በፌስታል ተቋጥሮ ከተቀመጠ ገንዘብ አጥሮታል። አንሶላው በላብ ርሶ ብርድ ልብሱ ከተደራረበ ደግሞ ወባ ነው፤ ከሙቀቱ ጋር ብርድ ልብስ የሚደርብ ጤነኛ መተማ ላይ የለም። ሁለት እንግዶች ወባ እንደያዛቸው ከራሳቸው በፊት ያወቀችው እሷ ነበረች። አንዱ፣ ከአብርሃ ጅራ የመጣ የትራክተር መካኒክ፣ "ተኝቼ ይለቀኛል" ሲል እጁን ይዛ ጤና ጣቢያ አድርሳዋለች።

በሁለት ሺህ አሥራ ሁለት መጋቢት ላይ ኮሮና ገባ ተባለና ድንበሩ ተዘጋ፤ ከድንበሩ ጋር ሆቴሉም ተዘጋ። አምስት ወር ያህል ግቢው ሣር አበቀለ። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል አቶ ደረበ ሆቴሉን እንደገና ሊከፍቱ አሰቡ፤ የሰሊጥ አጨዳ እየደረሰ ነበር፣ ነጋዴውም ጉልበተኛውም የሚመጣበት ጊዜ ነው። ከአሥራ አንድ ሠራተኛ አራት ብቻ ተመረጥን አለችኝ። ከአምስት አልጋ አንጣፊዎች የቀረችው እሷ ብቻ ናት።

በመክፈቻው ዋዜማ ግቢ ውስጥ ተራርቀው እንዲቆሙ ተደረገና፣ እንግዳ መቀበያው ላይ የሚሠራው ምንይችል ደንብ አነበበላቸው። ምንይችል ሠላሳ ያልሞላው፣ ጥንቁቅ፣ ማስኩን ውሃ ለመጠጣት እንኳ ጥግ ይዞ የሚያወርድ ሰው ነው። ደንቡን ከአንድ ትልቅ ከተማ ሆቴል በስልክ አስልኮ ነው የገለበጠው። እንግዳ ያለበት ክፍል ውስጥ ማንም ሠራተኛ አይገባም። አንሶላ የሚቀየረው እንግዳው ሲለቅ ነው፤ ያውም ክፍሉ አንድ ቀን ተቆልፎ ከዋለ በኋላ። ምግብ ቤቱ ተዘግቶ ይቆያል፣ ምግብ በር ላይ ይቀመጣል። ቬንትሌተር አየሩን ስለሚያዞረው አይበራም። እንግዳው ከታመመ ለጤና ጣቢያ ይደወላል፣ እስኪመጡ ማንም አይጠጋውም።

አሰፋች እጇን አወጣች። "ታዲያ የእኔ ሥራ ምንድን ነው?" አለች።

ምንይችል ወረቀቱን ገልብጦ አየ። ወረቀቱ ላይ የለም። በኋላ ቀና ብሎ የበር እጀታዎቹን በየሰዓቱ በበረኪና መወልወል እንደሆነ ነገራት።

በዚያው ቀን አቶ ደረበ ራሳቸው ከአልጋ ልብሱ በቀር ጨርቅ የሆነ ነገር ሁሉ ከየክፍሉ ይነሳ አሉ። መጋረጃው፣ የወለሉ ምንጣፍ፣ አጎበሩም። ጨርቅ በሽታውን ይይዛል ተብሏል፤ በየቀኑ የሚያጥብ ሰው ደግሞ የለም። አሰፋች አሥራ ስምንት አጎበር አንድ በአንድ እየፈታች አወረደች። ስትፈታ የሆነ ነገር ጎረበጣት እንጂ አልተናገረችም። የተማረ ሰው ያወጣው ደንብ ነው። ሬዲዮኑም በጠዋት መስኮት ክፈቱ ይላል፣ ወባን የሚከላከሉት ባለሙያዎች ደግሞ በመኪና ድምፅ ማጉያ እየዞሩ ሲመሽ መስኮት ዝጉ ይላሉ። ማን ትክክል እንደሆነ እሷ በምን ታውቃለች?

ሐጃ ዘምዘም የመጡት መስከረም በገባ በስድስተኛው ቀን ነው። ስድሳ ዓመት የሚሆናቸው የሽንፋ ነጋዴ ናቸው፤ ቶብ የሚባለውን የሱዳን ሴቶች መጎናጸፊያና ሽቶ ይነግዳሉ። ቀድሞ በየሁለት ሳምንቱ እየመጡ እዚያው ሆቴል፣ ስድስት ቁጥር ውስጥ ያርፉ ነበር። ድንበሩ ሲዘጋ የገዙት ዕቃ ከድንበሩ ማዶ ገላባት በደንበኛቸው ሱቅ ውስጥ ቀርቶባቸዋል። ኬላው ለጭነት ሊከፈት ነው ሲባል ሰምተው መጡ። ምንይችል በር ላይ ሙቀት መለኪያውን ግንባራቸው ላይ ደቀነ፤ ሠላሳ ስምንት አለ። የቀን ስድስት ሰዓት ፀሐይ ላይ ሁሉም ሰው ሠላሳ ስምንት ነበር፤ ራሱ ምንይችልም። ጥላ ሥር አስቀምጦ ቆይቶ ሲለካቸው ወረደ፤ አስገባቸው።

ኬላው ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይከፈታል እየተባለ አሥር ቀን አለፈ። ሐጃ ጠዋት ወጥተው ኬላው አካባቢ ይጠይቃሉ፣ ተመልሰው በራቸውን ይዘጋሉ። አሰፋች እጀታውን ስትወለውል በበሩ በኩል ያወሯታል። እሷ ውጭ፣ እሳቸው ውስጥ። ቬንትሌተሩን አብሩልኝ ሲሉ አልተፈቀደም ትላለች፤ አጎበሩስ ሲሉ ታጥቦ ነው ትላለች። መዋሸቷ አልነበረም፤ እውነት ታጥቦ ነበር፣ ታጥቦ ግን መጋዘን ውስጥ ተቆልፎበታል።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን፣ ማክሰኞ፣ በራቸው ላይ የተቀመጠላቸው ራት እንደተከደነ አደረ። ረቡዕ ጠዋት ሻዩ ቀዝቅዞ ዝንብ ወርሮት አገኘችው። አንኳኳች። መልስ የለም። እንደገና አንኳኳች፤ ውስጥ የሆነ ነገር የተንቀሳቀሰ መሰላት፣ ግን ድምፅ ይሁን የራሷ ጆሮ አላረጋገጠችም።

ወርዳ ለምንይችል ነገረችው። ተኝተው ይሆናል አላት። ጾመው ይሆናልም አለ። ሰኞና ሐሙስ እንደሚጾሙ፣ ዛሬ ግን ረቡዕ እንደሆነ ነገረችው። ምንይችል የሐጃን ስልክ ደወለ፤ ዝግ ነው። አቶ ደረበ ጎንደር ነበሩ፤ ኔትወርክ እምቢ አለ። ለጤና ጣቢያው ሲደውል መስመሩ ተይዟል። ሁሉንም በር የሚከፍተውን ቁልፍ ከመሳቢያው አውጥታ ልትወስድ ስትል እጁን ቁልፉ ላይ ጫነ።

"አሰፉ፣ ደንቡ እኮ ግልጽ ነው። ከታመሙ አንገባም" አላት።

"መታመማቸውን በምን ታውቃለህ?"

"ካላወቅን ደግሞ እንግዳ ያለበት ክፍል ነው። አንገባም።"

አሰፋች ከምትቆምባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ነው። መታመማቸውን ለማወቅ መግባት አለባት፤ ከታመሙ ደግሞ መግባት አትችልም። ምንይችል ክፉ ሰው አይደለም። እናቱ አስም እንዳለባቸው ታውቃለች፤ በየቀኑ ወደ ቤቱ የሚገባው ልብሱን በረንዳ ላይ ቀይሮ ነው። እሱ ትክክል ነው፣ እሷም ትክክል ነች፤ ሁለት ትክክል እንዴት ፊት ለፊት ይቆማል? እዚያው ቆማ ይህን አሰበች። ከዚያ ማሰቡን ትታ ቁልፉን ከእጁ ሥር ሳበችው። አልታገላትም።

ማስኳን አስተካክላ፣ እጆቿ ላይ ፌስታል አጥልቃ በሩን ከፈተች። ሙቀቱ እንደ ምድጃ ፊቷን መታት። መስኮቱ ተዘግቷል። ሐጃ ዘምዘም አልጋው ላይ አልነበሩም፤ በአልጋውና በመታጠቢያው በር መካከል ወለሉ ላይ ወድቀዋል፤ ሁለቱን ብርድ ልብስ ከነአንሶላው ጎትተው ራሳቸው ላይ ጠቅልለዋል። ጥርሳቸው ይፋጫል።

ዓይናቸውን ገለጡና አወቋት። "ልጄ፣ አትጠጊኝ። ይህ የኮሮናው በሽታ ይሆናል" አሏት።

አሰፋች ባለችበት ቆመች። ሦስት እርምጃ ያህል ነበር በመካከላቸው ያለው። አንድ እግሯ እንደቀደመ፣ አንዱ እንደቀረ ምን ያህል እንደቆመች አታውቅም። አንሶላውን አየች፤ በላብ ርሷል። ብርድ ልብሱን አየች። የምታውቀው ነገር ነው፤ ግን አዲሱም በሽታ ያተኩሳል ብለዋል፣ ያንቀጠቅጣልም ብለዋል። አሥራ አንድ ዓመት ያነበበችው ነገር ድንገት የማታውቀው ፊደል ሆነባት።

"ውሃ" አሉ ሐጃ።

ያ ቃል ብቻ ገባት። ተጠግታ ራሳቸውን በክንዷ ደገፈችና ውሃ አጠጣቻቸው።

አቅፋ ወደ ታች ስታወርዳቸው ምንይችል መንገዱን ለቆ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ፤ ግን እስከ በሩ ቀድሟት ሮጦ ባጃጅ ያስቆመው እሱ ነው። ሁለቱ አይተው አለፉ። ሦስተኛው ባለ ባጃጅ ወርዶ የባጃጁን የጎን ሸራ ዙሪያውን ወደ ላይ ጠቀለለና፣ "ግቡ፣ ፊታችሁን ወደ ውጭ አድርጉ" አላቸው።

ጤና ጣቢያው ውስጥ እስከዳር የምትባል ወጣት ባለሙያ ከራስ እስከ እግሯ ፕላስቲክ ለብሳ ተቀበለቻቸው። የሐጃን ጣት ወግታ ደም ወሰደች። ብዙም ሳትቆይ ወጥታ ወባ ነው፣ ያውም ከባዱ ዓይነት አለች። አሰፋች ደስታውን መደበቅ አቃታት። አግዳሚው ላይ ተቀምጣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ወባ ነው፣ ወባ ብቻ ነው እያለች እንባዋን ጠረገች። ኋላ ራሷን ታዘበች፤ ሰው ወባ ያዘው ተብሎ እልል ይባላል?

እስከዳር ግሉኮሱን አስተካክላ ስትመለስ ሆቴሉ አጎበር የለውም እንዴ ብላ ጠየቀቻት።

"ነበረው። እኔ ነኝ ያወረድሁት" አለች አሰፋች። ሌላ ነገር ልትጨምር ፈለገች፤ ስለ ደንቡ፣ ስለ ጨርቁ፣ ስለ አቶ ደረበ። ግን አጎበሩን የፈቱት የራሷ ጣቶች ናቸው። እስከዳርም አልወቀሰቻትም፤ እሷ ራሷ ሰው ሁሉ ኮሮናን ብቻ እየፈራ ወባውን ረስቶት ዘንድሮ አልጋ እንደሞላባት ነገረቻት።

ወባም ቢሆን ናሙና መውሰድ ግዴታ ነው ተባለ። የሐጃ ተወሰደ፣ የአሰፋችም፣ ከሆቴሉ ተጠርቶ መጥቶ የምንይችልም። ናሙናው ወደ ጎንደር ተላከና፣ ውጤቱ እስኪመጣ አሰፋች ለይቶ ማቆያ ወደ ተደረገው ትምህርት ቤት ተወሰደች። ጥቁር ሰሌዳው ላይ የማካፈል ሒሳብ እንደተጻፈ የቀረበት ክፍል ውስጥ ከሱዳን ከተመለሱ ሴቶች ጋር ፍራሽ ተሰጣት። ፍራሹ ላይ አንሶላ ሲያነጥፉላት ነው የከፋት፤ በሕይወቷ ሙሉ ሰው አንጥፎላት አያውቅም፣ የት መቆም እንዳለባት ጠፋት።

በማግስቱ አቶ ደረበ ደወሉ። ደንብ ጥሰሽ ሆቴሌን አስዘጋሽ አሏት፤ እውነትም ሆቴሉ ተዘግቶ ነበር። ከእንግዲህ እንዳትመጪ ብለው ዘጉ። ከሰዓታት በኋላ የሐጃ ዘምዘም ልጅ ሳጂድ ከሽንፋ ደወለ፤ ሐኪሞቹ ሌላ አንድ ቀን ብታድር እናታችሁን አታገኟትም ነበር ብለውናል፣ ምን ቃል ልበልሽ አላት። በአንድ ቀን ተባረረች፣ በአንድ ቀን ተመሰገነች፤ ለአንድ ሥራ። ለሁለቱም "እሺ" ነው ያለችው።

ውጤቱ በአምስተኛው ቀን መጣ። የሐጃ ዘምዘም ኮሮናም አለበት ተባለ። ወባ ብቻ አልነበረም፤ ሁለቱም ነበር። የምንይችልም አለበት። ማስኩን የማያወርደው፣ ደንቡን የጻፈው፣ የስድስት ቁጥርን ደፍ ያልረገጠው ምንይችል፣ አንዲት ጊዜ ሳያስለው ተያዘ። ሐጃን አቅፋ ያወረደችው አሰፋች ግን ነፃ ነሽ ተባለች። እስከዳር ወረቀቱን በመስኮት በኩል አቀበለቻት። አሰፋች ማንበብ የተማረችው በማታ ትምህርት ነው፤ ቀስ ብላ አነበበችው። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው "አሰፋ ምትኩ፣ ጾታ ወንድ" ይላል። የእሷ አባት ስም ምትኩ ነው። እሷ ግን አሰፋች ናት፣ ወንድም አይደለችም።

እስከዳርን ጠራቻት። የጸሐፊ ስህተት ነው፣ አንቺው ነሽ አለቻት። አሰፋ የሚባል ሰው ናሙና ሰጥቶ እንደሆነስ ብላ ጠየቀች። እስከዳር ፈገግ ልትል አለችና ተወችው፤ መዝገቧን አገላብጣ አሰፋ የሚባል እንደሌለ፣ ግን ከሌላ ጣቢያ የመጣ ናሙና አብሮ ተጭኖ እንደነበር ነገረቻት። ድጋሚ ናሙና እንዳትሰጥ መሣሪያው አልቋል። ለማንኛውም አሥራ አራት ቀኗን ትጨርስ ተባለ። ጨረሰች። አላተኮሳት፣ አላሳላት። አንድ ሳምንት ያህል የምግብ ሽታ ጠፍቶባት ነበር፤ ያ ከበሽታው ይሁን ከለይቶ ማቆያው ምግብ እስከ ዛሬ አታውቅም።

ስትወጣ ጥቅምት ገብቷል። ከተማው በጉልበተኛ ሞልቷል፤ ከወሎ፣ ከጎጃም፣ ከየደጋው ማጭዱን በጆንያ ጠቅልሎ የወረደ ሰው መንገድ ላይ ተደርድሮ ተኝቷል። ማስክ ያደረገ አንድም የለም። ግቢያችን በር ላይ ስትደርስ ሁላችንም ወጣን፤ ማናችንም ግን ቀድመን አልሳምናትም። እሷም ልትጠጋን አልደፈረችም። እኔ ራሴ እንደዚያ ቆሜ እንደነበር ሳስበው አፍራለሁ። በመጨረሻ ሰይዳ የምትባለው ጎረቤታችን የውሃ ጀሪካኗን አስቀምጣ ሄዳ አቀፈቻት።

በሦስተኛው ቀን አቶ ደረበ አስጠሯት። እንግዳ መቀበያው ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው አገኘቻቸው። ከፊታቸው የስንብት ደብዳቤ ነበር። ምንይችል ከለይቶ ማቆያ በስልክ እየነገራቸው እሳቸው በእጃቸው የጻፉት ነው፤ ሦስት ጊዜ ጀምረው ሦስት ጊዜ ሰርዘውታል። መነጽራቸውን አወለቁ።

"እኔስ ምን ልጻፍ አሰፋች? ደንብ ጥሳ እንግዳ ክፍል ገባች ብዬ እጀምራለሁ። ቀጥሎ ምን አደረገች ሲባል የእንግዳ ነፍስ አዳነች ነው የሚለው። ይህን ለማን አሳያለሁ?"

አሰፋች አጎበሩን ያስወረዷት እሳቸው መሆናቸውን ልትነግራቸው ስንት ቀን ያዘጋጀችው ቃል ነበራት፤ ፊታቸውን ስታየው ግን የሚያውቁት መሰላት። እሳቸውም ወደ ጎን እያዩ አጎበር ሳይሰቀል እንግዳ አላስገባም አሉ። ደብዳቤውን አጣጥፈው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ተባረርሽ ወይም ተመለሽ የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም። አሰፋችም መጥረጊያዋን አንስታ ወደ ላይ ወጣች። እስከ ዛሬም ተመልሳ ይሁን ሳትባረር ቀርታ አልተነገራትም።

ምንይችል ድኖ ተመለሰ፤ እናቱም ደህና ናቸው። ደንቡ ተሻሻለ፤ ጠዋትና ማታ በር ተንኳኩቶ የእንግዳው ድምፅ ካልተሰማ ይገባል የሚል በእጅ ተጨመረበት። ማን ይገባል የሚለውን ግን ባዶ ቦታ ነው የተወው። አሰፋች ስትጠይቀው እሱም ገና እያሰበበት እንደሆነ ነገራት።

ሐጃ ዘምዘም ሽንፋ ገብተው አገግመዋል። ኅዳር ላይ ደወሉላት፤ እኔም አጠገቧ ነበርሁ። ዕቃው አሁንም ገላባት እንዳለ፣ ቶቡን አይጥ እንዳልበላው ተስፋ እንደሚያደርጉ ነገሯት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቋት።

"ልጄ፣ ያን በሽታ እኔ ነኝ ወደ እናንተ ያመጣሁት ወይስ ከእናንተ ነው የያዘኝ?"

አሰፋች ምንይችል ነው ልትል ትችል ነበር፤ ኬላው ላይ ነው ልትል ትችል ነበር፤ እኔ ነኝ ልትልም ትችል ነበር፣ የወንዱ ወረቀት የእሷ ካልሆነ።

"ሐጃ፣ እኔም አላወቅሁትም" አለች።

ሐጃ ኻላስ፣ ይቅር አሉ። ቀጥለው የጎረቤታቸው ሰሊጥ ታጭዶ ክምሩ ላይ እያለ ዝናብ እንዳገኘው አነሱ፤ በኅዳር ዝናብ መምጣቱ ሁለቱንም ገረማቸው፤ ስለ እሱ ረጅም አወሩ።